ሁለት ትራንክ፣ አንድ ቦይ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎንደር ፒያሳ ባለ አንድ የባንክ ማሽን ፊት ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፎ ነበር። ገበያ የሚወርድ አለ፣ የቤት ኪራይ ቀኑ ያለፈበት አለ፣ ከአርማጭሆ መጥቶ ሳይመሽ መመለስ ያለበት አለ። ጥበቃው ከወንበሩ ሳይነሳ «ሲስተም የለም» አለ። ሰልፉ ግን አልተበተነም፤ እዚህ አገር «ሲስተም የለም» ማለት «ጠብቁ» ማለት እንጂ «ሂዱ» ማለት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት ብቻ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ልጄ፣ የት ሄዶ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሳቀ። ጥበቃውም ሳቀ።

እኔ በኔትወርክ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ነው መሰለኝ፣ ጥያቄው አላሳቀኝም። ሲስተሙ በአብዛኛው የትም አልሄደም፤ አዲስ አበባ በተተከለበት ክፍል ውስጥ ሥራውን እየሠራ ነው። ማሽኑም ደህና ነው። የጠፋው በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ነው። ሁለተኛ መንገድ ተዘጋጅቷል ተብሎ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ካርድ ተገዝቶለት፣ ሪፖርት ተጽፎለት ሲያበቃ መንገዱ የሚጠፋበትን ምክንያት ነው ማስረዳት የምፈልገው።

ለዚህ ከማሽኑ ጋር ሞክሼ የሆነ ሌላ ኤቲኤም ይጠቅመኛል። ጎንደር ውስጥ ኤቲኤም ሲባል ብር የሚሰጠው ማሽን ነው። በኔ ዕድሜ ላለ የኔትወርክ ሰው ግን ኤቲኤም መጀመሪያ የሚያስታውሰው አሲንክሮነስ ትራንስፈር ሞድን ነው፤ ድምፅን፣ ምስልንና ዳታን በአንድ መስመር አብሮ ለማስኬድ የተፈጠረ የማስተላለፊያ ዘዴ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ደረጃ አውጪ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1988 የወደፊቱ ሰፊ አውታር በዚህ ዘዴ እንዲሠራ መረጠው። ዛሬ አዲስ ኤቲኤም ስዊች (መስመሮችን የሚያገናኝና ጭነቱን በየመንገዱ የሚያሳልፍ መሣሪያ) ገዝቶ የሚተክል የለም ማለት ይቻላል። ቅሪቱ ግን በየቤቱ ነበር፤ ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ የሚያመጣውን የኤዲኤስኤል ሞደም ማስተካከያ ከፍቶ ያየ ሰው «ቪፒአይ» እና «ቪሲአይ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ያስታውስ ይሆናል። ቴክኒሻኑ ከወረቀት አንብቦ የሚሞላቸው እነዚያ ሁለት ቁጥሮች የኤቲኤም አድራሻዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የ3ጂ አንቴናዎችም ከመቆጣጠሪያቸው ጋር የሚነጋገሩት በኤቲኤም ነበር።

አሮጌውን ዕቃ ያነሣሁት በናፍቆት አይደለም (ትንሽ ናፍቆት ቢኖርበትም)። በአሁኑ ኔትወርክ ውስጥ ሶፍትዌር ሸፍኖት የሚያልፈውን ውሳኔ ሁሉ በኤቲኤም ስዊች ላይ ሰው በእጁ እየጻፈ ነበር የሚያስገባው። ማን በየት ይለፍ፣ ሲጨናነቅ ማን ይቅደም፣ መንገድ ሲዘጋ ማን ይቅር የሚለው ሁሉ በስም ይጻፍ ነበር። ስለዚህ ስህተቱም በግልጽ ይታይ ነበር።

53 ባይት

ኤቲኤም የሚሸከመውን ነገር ሁሉ፣ ድምፅም ይሁን ፋይል፣ እኩል እኩል አድርጎ ይቆራርጠዋል። አንዱ ቁራጭ ሴል ይባላል፤ ልኩ 53 ባይት ነው። 5ቱ አድራሻና መቆጣጠሪያ፣ 48ቱ ጭነት። 48 ለምን? አውሮፓውያን 32 ይሁን አሉ፤ ቁራጩ ሲያንስ ድምፅ ቶሎ ስለሚሞላውና የገደል ማሚቶ ማጥፊያ መሣሪያ ሳያስፈልጋቸው አገር ውስጥ መደዋወል ስለሚችሉ። አሜሪካኖቹ 64 ይሁን አሉ፤ ለዳታ ስለሚመች። መሀል ላይ ተገናኙ። የቅዳሜ ገበያ ዋጋ ነው፤ ሻጭም ገዢም ሳይደሰት ተስማሙ።

ነገሩ ያለ ስሌት ስለማይገባ አንድ ምሳሌ ላስላ። ኢ1 የሚባለው መስመር 2.048 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይይዛል፤ ለሴል የሚተርፈው 1.92 ነው። 1,500 ባይት የሆነ የተለመደ የኢንተርኔት ፓኬት (አንድ የዳታ ጥቅል) በዚህ መስመር ተጭኖ እስኪያልቅ 6.25 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ከኋላው የደረሰ የድምፅ ቁራጭ ይህን ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ከፊቱ ሦስት አራት እንዲህ ያለ ፓኬት ከተደረደረ ንግግሩ መንተባተብ ይጀምራል። አንድ ሴል ግን 0.22 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው የሚፈጀው። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ለሚያውቅ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም፤ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ከፊት ከገባ አምቡላንሱም አብሮት ይጎተታል። ኤቲኤም ያደረገው ጭነቱን ባጃጅ ባጃጅ አድርጎ መከፋፈል ነው፤ አምቡላንሱ በየሁለቱ ባጃጅ መሀል ይገባል።

ዋጋ አለው እርግጥ። ከ53ቱ 5ቱ ለአድራሻ ስለሚሄዱ ገና ሲጀመር 9.4 በመቶው ቀረጥ ነው። ያ 1,500 ባይት ፓኬት ማሸጊያው ተጨምሮበት 32 ሴል ይሞላል፤ 32 ሴል ደግሞ መስመሩ ላይ 1,696 ባይት ነው። በኋላ መስመሮች ሲፈጥኑ ይህ ቀረጥ ያንገሸግሽ ጀመር። በ155 ሜጋ ቢት መስመር ላይ ያ ትልቅ ፓኬት ከ0.1 ሚሊ ሰከንድ በታች ስለሚያልፍ የመቆራረጡ ጥቅም ጠፋ፣ ወጪው ቀረ። ኤቲኤም የሞተበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ኢተርኔት የሚባለው ሌላ የማስተላለፊያ ዘዴ በርካሽነት አሸነፈው።

ግንዱና ካርዱ

ትራንክ ማለት ግንድ ነው፤ ስዊችን ከስዊች የሚያገናኝ መስመር። ደንበኛው የሚሰካበት ደግሞ ቅርንጫፍ ነው። ትራንክ ካርድ ግንዱ የሚገባበት ሰሌዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በብዙ አገር የተተከለው የስትራታኮም ቢፒኤክስ ስዊች (ኩባንያውን ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1996 ገዝቶታል) 15 የካርድ ማስገቢያ ነበረው። 7ኛውና 8ኛው ለመቆጣጠሪያ፣ 15ኛው ለአላርም የተያዙ ናቸው። ለግንድና ለቅርንጫፍ የሚተርፉት 12 ይሆናሉ። የፋሲል ግቢ በሮችም 12 ናቸው ሲባል ስለሰማሁ ይህን ቁጥር መቼም አልረሳውም። ጃን ተከል በር፣ እንቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ እርግብ በር፤ እያንዳንዱ በር ማን እንደሚገባበትና እንደሚወጣበት ይታወቅ ነበር። በር ሁሉ ለሁሉ አልነበረም።

ካርዱን መሰካት ቀላሉ ሥራ ነው። በቢፒኤክስ ላይ ትራንክ በሁለት ደረጃ ነው የሚነሣው። መጀመሪያ «አፕ ትራንክ» በሚለው ትእዛዝ በሁለቱም ጫፍ ይቀሰቀሳል፤ ምልክት ይላላካሉ፣ አላርም ይጠፋል ወይም አይጠፋም። ከዚያ «አድ ትራንክ» በሚለው ከአንደኛው ጫፍ ብቻ ወደ ኔትወርኩ ይጨመራል። ሁለቱ ስዊቾች የሚተዋወቁትና መንገዱን በካርታቸው ላይ የሚያሰፍሩት በሁለተኛው ነው። መጀመሪያውን ጨርሶ ሁለተኛውን የረሳ ቴክኒሻን አረንጓዴ መብራት አይቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መስመሩ አለ፣ ማንም ግን አይሄድበትም።

በሁለቱ ትእዛዞች መካከል የሚሞላው ኮንፊገሬሽን (ማስተካከያው) ነው ሰው የሚፈትነው። ፖርቱ (መሰኪያው) ግንድ ነው ወይስ ቅርንጫፍ ተብሎ ይወሰናል፤ በቅርንጫፍ በኩል የመንገድ ቁጥሩ 8 ቢት ስለሆነ 256 መንገድ ይኖራል፣ በግንድ በኩል 12 ቢት ስለሆነ 4,096። አንዱ ጫፍ እንደ ግንድ ሌላው እንደ ቅርንጫፍ ከተሞላ ቁጥሮቹ አይግባቡም። የፍሬም ዓይነቱ፣ ማለትም ቢቶቹ መስመሩ ላይ የሚደራጁበት ቅርጽ፣ መግጠም አለበት። ሴሉን መበተኛ የሚባለው ማስተካከያ በሁለቱም መከፈት ወይም በሁለቱም መዘጋት አለበት።

ሰዓቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሌሊት የበላብኝ እሱ ስለሆነ። ትራንክ ላይ ቢቶቹ በአንድ ምት መሄድ አለባቸው። ስለዚህ አንደኛው ጫፍ ሰዓት ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ ይሆናል። ሁለቱም «ከመስመሩ እወስዳለሁ» ተብለው ከተሞሉ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ሰዓቱን የሚያስተካክል ሁለት ሰው ማለት ነው። ቀስ በቀስ አብረው ይሳሳታሉ። የሚያስቸግረው ደግሞ ቀይ አላርም አለመውጣቱ ነው። መስመሩ ይሠራል፤ በየጥቂት ደቂቃው ግን ስህተት ይቆጠራል፣ ስልክ ይንጫጫል፣ ፋይል ይቆማል። አንድ ጊዜ ይህንን ለማግኘት ሁለት ካርድ ቀይረናል። ካርዶቹ ደህና ነበሩ፤ ችግሩ አንድ ቃል ነበር።

ማን ይቅር?

የኤቲኤም ሰው ፍጥነትን በሜጋ ቢት አያስብም፤ በሴል ቁጥር ነው። ኢ1 በሰከንድ ወደ 4,528 ሴል ያሳልፋል። ከእሱ የሚሰፋው ኢ3 የሚባለው መስመር ልክ 80,000። ባለ 155.52 ሜጋ ቢቱ መስመር ከ353,000 ትንሽ ይበልጣል። አዲስ ግንኙነት ሲጠየቅ ስዊቹ ይህን ሒሳብ ይሠራል፤ የተጠየቀው መጠን በመንገዱ ላይ ባሉ ትራንኮች ሁሉ ከተረፈው የሚበልጥ ከሆነ እምቢ ይላል። የጨዋ እምቢታ ነው። የዛሬው ኢንተርኔት እንዲህ ዓይነት እምቢታ አያውቅም፤ ሁሉንም ተቀብሎ ሁሉንም ያዘገያል።

አሁን ሁለት ኢ3 ትራንክ ያለው ስዊች እናስብ። እያንዳንዱ 70 በመቶ ተጭኗል፤ 56,000 ሴል በአንዱ፣ 56,000 በሌላው። ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ሲያይ ደስ ይለዋል፣ ሁለቱም መስመር አልሞላምና። አንዱ ሲቆረጥ ግን 112,000 ሴል በ80,000 ቦታ ይግባ ይላል። 32,000 ሴል ውጭ ይቀራል። ይህ ከመቆረጡ በፊትም የታወቀ ሒሳብ ነው፤ ሁለት መስመር ያለው ሰው አንዱን እንደ መጠባበቂያ ከቆጠረው እያንዳንዱን ከግማሽ በላይ መጫን የለበትም። ሁለተኛ ካርድ የሚገዛው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ስለሞላ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው በተገጠመ በጥቂት ወር ውስጥ እሱም ይሞላል፣ «መጠባበቂያ አለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ሪፖርቱ ውስጥ ይቀራል።

ከ112,000ው ማን ይቅር? ቢፒኤክስ ላይ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ከ0 እስከ 15 የደረጃ ቁጥር ይሰጠዋል፤ መንገድ ሲዘጋ ስዊቹ ወደ ሌላ መንገድ የሚያዛውረው በዚያ ቅደም ተከተል ነው። ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ቀድሞ ቦታ ይይዛል፤ ዘግይቶ የመጣው ቦታ ካጣ ይቀራል። ቁጥሩን ማንም ካልሞላው ሁሉም እኩል ይሆናል፤ እኩል ሆነ ማለት ደግሞ ዕጣ ነው። እኔ ካየኋቸው ስዊቾች በአብዛኞቹ ይህ ቦታ ከፋብሪካ እንደወጣ ነበር። ቁጥሩን መሙላት የኢንጂነር ሥራ ይመስላል፤ ግን ሆስፒታሉ ከባንኩ ይቅደም ወይስ ባንኩ ከሆስፒታሉ የሚለውን ኢንጂነር ብቻውን እንዲወስን መተው ተገቢ አይደለም። አለቃው ደግሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ሳይወሰን ይቀራል።

ከደረጃው ሌላ የአገልግሎት ዓይነት አለ። ቋሚ መጠን የሚፈልግ እንደ ስልክ ያለ፣ መጠኑ ከፍ ዝቅ የሚል ግን ጊዜ የሚጠብቅ እንደ ቪዲዮ ስብሰባ ያለ፣ እንዲሁም «የተረፈውን ስጡኝ» የሚል። የመጨረሻው ምንም ዋስትና የለውም፤ ሲጨንቅ መጀመሪያ የሚጣለው የእሱ ሴል ነው። ሴሉ ራሱም በመግቢያው ላይ «ብጣልም ግድ የለም» የሚል አንድ ቢት አለው። የሚያሳዝነው፣ ከ32 ሴል አንዷ ከተጣለች ቀሪዎቹ 31 ተሸክመው የሚሄዱት ቆሻሻ ነው፤ ፓኬቱ ስላልተሟላ ሙሉው እንደገና ይላካል። ጥቂት መጨናነቅ ራሱን የሚያባዛው እንዲህ ነው። በኋላ የመጡ ስዊቾች ይህን ተረድተው ወረፋው ሊሞላ ሲል ፓኬቱን ከነሙሉው በር ላይ መመለስ ጀመሩ።

እንግዲህ ወደ ፒያሳው ማሽን ልመለስ። ብር ሲወጣ ማሽኑ የሚልከው መልእክት ጥቂት መቶ ባይት ነው፤ ደርዘን ሴል ገደማ። ከአንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር ቁንጫ ነው። በጠበበ መስመር ላይም ቢሆን ለእሱ የሚሆን ቦታ አይጠፋም፤ ቦታ ከተያዘለት። ካልተያዘለት ግን ከቪዲዮው ጋር በአንድ ወረፋ ቆሞ፣ መልሱ በጊዜ ሳይደርስ ማሽኑ ተስፋ ይቆርጣል። ያኔ ጥበቃው «ሲስተም የለም» ይላል። ነዳጅ በቴሌብር በሚቀዳበት በዚህ ጊዜ ማደያ ላይ የሚሰለፈው ባለ ባጃጅም እጣው ያው ነው።

መንገድ መምረጥ

ስዊቾቹ መንገድ የሚመርጡበት ዘዴ ሁለት ነበር ማለት ይቻላል። ስትራታኮም የራሱ ነበረው። ሌላው ፒኤንኤንአይ የሚባለው ደረጃ ነው፤ የኤቲኤም ፎረም እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው። በፒኤንኤንአይ ጥሪውን የጀመረው ስዊች የመንገዱን ዝርዝር ከመነሻ እስከ መድረሻ ራሱ ይጽፋል፣ መሀል ላይ ያለው ስዊች ዝርዝሩን ተከትሎ ያሳልፋል። መንገዱ ተዘግቶ ከተገኘ ጥሪው ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። እያንዳንዱ ትራንክ ክብደት አለው፤ ማንም ካልቀየረው ክብደቱ 5,040 ነው። ድምሩ ያነሰ መንገድ ይመረጣል። ሁሉም 5,040 ከሆነ ደግሞ የሚመረጠው ጥቂት ስዊች የሚያልፈው ነው፤ ሰፊውም ጠባቡም፣ አሮጌውም አዲሱም እኩል ይመዘናሉ። ባለ ሙያ ይህን ቁጥር በእጁ ካልዳሰሰው ስዊቹ ጠባቡን አቋራጭ ይወዳል።

አንድ ጥሩ ነገር ነበረው አሮጌው የስትራታኮም ዘዴ። ለአንድ ግንኙነት «በሳተላይት አትሂድ» ብሎ ማሰር ይቻል ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ምልክቱ ደርሶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በፋይበር ግን አንድ ኪሎ ሜትር 5 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ከጎንደር ባሕር ዳር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ብንል ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች ነው። ሺህ ኪሎ ሜትር ዞሮ ቢሄድ እንኳ የሚጨመረው 5 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ «ዞሮ መሄዱ ያዘገየዋል» የሚለው ሰበብ ለፋይበር አይሠራም። የሚያዘገየው ወረፋ ነው።

መጥፎው ነገር ደግሞ «ተመራጭ መንገድ» የሚባለው ነበር። ግንኙነቱ በዚህ መንገድ ይሂድ ተብሎ ይጻፋል። ከጎኑ «በዚህ ብቻ» የሚል ምልክት ከተደረገበት መንገዱ ሲዘጋ ግንኙነቱ ሌላ አይፈልግም፤ አብሮ ይወድቃል። ምልክቱን ያደረገው ሰው ምክንያት ነበረው፤ ከዓመታት በፊት፣ ለአንድ ሙከራ። ሰውየው መሥሪያ ቤት ቀይሯል፤ ምልክቱ ግን እዚያው አለ።

ቦዩ

አሁን ርእሱን የሰጠኝን ነገር ልናገር። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ሁለተኛ ትራንክ ካርድ ተገዛ፣ በሌላ ማስገቢያ ተሰካ፣ ሰዓቱ ተስተካከለ፣ በሁለቱ ጫፍ ተቀሰቀሰ፣ ተጨመረ። ሙከራም ተደረገ፤ አንዱን ካርድ ስናወጣ ጭነቱ ወደ ሌላው ዞረ። አጨበጨብን። ወሩ ሳይሞላ መንገድ የሚቆፍር ማሽን አንድ ቦታ ጥርሱን መሬት ውስጥ ሲያስገባ ሁለቱም ትራንኮች በአንድ ሰከንድ ቀይ ሆኑ። ከሁለቱ ካርዶች የወጡት ፋይበሮች ክፍሉን ጥለው ሦስት ሜትር ከሄዱ በኋላ አንድ ኬብል ውስጥ ይገቡ ነበር። ስዊቹ ሁለት መንገድ እንዳለው በቅንነት አምኗል። የሞከርነው ካርዱን ነበር፤ መሬቱን አልሞከርንም።

ይህ ዓይነቱ ስህተት በየትኛውም ስክሪን ላይ አይታይም። ስዊቹ የሚያውቀው በማን በኩል ማን ጋ እንደሚደርስ ነው፤ ፋይበሩ በየትኛው ቦይ፣ በየትኛው ድልድይ ስር እንደሚያልፍ አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ኬብል የቀበረው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ የሚሠራው በሌላ ክፍል ነው።

ጎንደር ላይ ነገሩ የሚከብደው በመልክዓ ምድሩ ነው። ለምሳሌ ያህል ኬብል መንገድን ተከትሎ ይቀበራል እንበል፤ በብዙ አገር እንዲሁ ነውና። ከጎንደር ወደ ደቡብ አዘዞን፣ አዲስ ዘመንን አልፈን ወረታ እንደርሳለን። እዚያ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው በደብረ ታቦር ወደ ወልድያ። በወረቀት ላይ ሲሣል ሁለት ወደ መሀል አገር የሚወስዱ መንገዶች ናቸው። ግን ከጎንደር እስከ ወረታ ያለው አንድ ነው፤ ከጠቅላላው የባሕር ዳር ርቀት ሁለት ሦስተኛው ገደማ። አንድ ሰው «ሁለት አማራጭ አለን፣ በባሕር ዳርና በደብረ ታቦር» ቢለኝ የምጠይቀው ወረታ ላይ ነው ወይስ ጎንደር ላይ ነው የሚለያዩት ብዬ ነው። በእውነት የሚለየው ወደ ሰሜን በደባርቅ የሚወርደው ነው፤ ወይም አዘዞ ላይ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው የመተማው። ሁለቱም ረጅም ናቸው፣ ሁለቱም የሰላሙን ሁኔታ ይጠይቃሉ። በስሌት እንዳየነው ግን ርዝመቱ ለፋይበር ሰበብ አይሆንም።

ከመሬት ሌላ ሰማይ አለ። የከፍተኛ ኃይል ምሰሶዎች ጫፍ ላይ የሚዘረጋው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ሆዱ ውስጥ ፋይበር ሊይዝ ይችላል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል እንዲህ ያለውን ፋይበር ለቴሌኮም ያከራያል። የኤሌክትሪክ መስመር ተራራ ለተራራ ስለሚሄድ የመንገዱን ቁፋሮ አያውቀውም። የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው፤ ጉዳቱ ግን ከቦዩ ጉዳት ጋር በአንድ ቀን እምብዛም አይገጥምም። መጠባበቂያ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ምክንያት የማይሞት።

በከተማው ውስጥም ያው ነው። የኮሪደር ልማቱ መንገዱን እያሰፋ፣ የእግረኛ መንገዱን እያነጠፈ ሳለ ቦዮች ተቆፍረዋል፣ ኬብሎች ተዛውረዋል። የምሰሶ ላይ ሽቦ ወደ መሬት መግባቱ ለዓይን ያምራል፤ ለፋሲል ግቢ ፎቶ አንሺም እፎይታ ነው። ነገር ግን ድሮ በተለያየ ምሰሶ ተበታትኖ ይሄድ የነበረው ሁሉ አሁን በአንድ ንጹሕ ቦይ ከተጠቃለለ፣ ለአንድ አካፋ አደራ ሰጥተነዋል ማለት ነው። ቦዩ ከመደፈኑ በፊት በሌላው የመንገድ ዳር ሁለተኛ ቱቦ መጣል ርካሽ ነው፤ ከተነጠፈ በኋላ ግን ድንጋይ ማንሣት ነው።

ሁለት ሲም በአንድ ስልክ የያዘ ሰው ራሱን መጠባበቂያ እንዳለው ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሳፋሪኮም በመግባቱ ይህ በአገሪቱ ተለምዷል። ኦፕሬተሮች ግን መሠረተ ልማት ይጋራሉ፣ ይከራያሉም። ሁለቱ ሲሞች ከአንቴናው በታች በአንድ ኬብል ከሄዱ የኛው የሁለት ካርድ ታሪክ ነው። (እንደኛ አቆጣጠር ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ ለወራት የተዘጋው የሞባይል ኢንተርኔት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ እሱን የሚፈታ ካርድም ትራንክም የለም።)

ለጥምቀት ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈተና አለ። ጥር 10 እና 11 ቀን የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚሰበሰበው ሕዝብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቪዲዮ ይልካል፤ ምንም ሳይቆረጥ ትራንኩ ይሞላል። እዚህ ላይ ሁለተኛ መንገድ ብቻውን አይበቃም፤ ቀደም ብዬ ያነሣሁት የደረጃ ቁጥር ነው የሚያድነው። ሕዝቡ ቪዲዮውን ይላክ፣ ትንሽ ይዘግይበት፤ የአምቡላንስ ጥሪ ግን አይዘግይ። በኤቲኤም ዘመን ይህ ሁለት መስመር ትእዛዝ ነበር። ኤቲኤምን የተካው ኤምፒኤልኤስ ዛሬ በሌላ ስም ያንኑ ይሠራል፤ ሴሉን ጥሎ የመለያ ቁጥሩን ሐሳብ ወርሷል። ቦይ የሚጋሩ መስመሮችን በአንድ ቡድን ቁጥር የሚመዘግብ ዘዴም አለው፤ መጠባበቂያው ከዋናው ጋር በአንድ ቦይ እንዳይሄድ። መዝገቡን የሚሞላው ግን አሁንም ሰው ነው፤ ባዶ ከተተወ ማሽኑ ሁሉም መስመር የተለያየ ነው ብሎ ያምናል።

ስለዚህ መስመር የሚከራይ ማንኛውም ድርጅት፣ ባንክም ይሁን ሆስፒታል፣ ውሉ ላይ «ሁለት መስመር» የሚለውን አይቶ አይፈርም። ሁለቱ ከግቢው በየትኛው በር ይወጣሉ? በየትኛው መንገድ ዳር ይሄዳሉ? መጀመሪያ የሚገናኙት የት ነው? አንዱ ሲቆረጥ የሌላው ባዶ ቦታ ስንት ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ የማን ትራፊክ ቀድሞ ይሰፍራል? እነዚህን በወረቀት ያልመለሰ አከራይ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ እየሸጠ ሊሆን ይችላል፤ ሆን ብሎም ባይሆን።

ከወረቀቱ በኋላ ደግሞ ሙከራ አለ። ካርድ ማውጣት አይደለም፤ እሱን እኛም አድርገነው ነበር። ከከተማው ውጭ ባለው መጋጠሚያ ሳጥን ላይ ዋናውን ፋይበር ነቅሎ ምን እንደሚሆን ማየት ነው፤ ቢቻል እሑድ ሌሊት፣ ትራፊክ ሲቀንስ። በዚያ ስሙን ባልጠራሁት መሥሪያ ቤት ይህን ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ኮሚቴው በመርህ ደረጃ ተስማምቷል። ሙከራው ግን እስካሁን አልተደረገም፤ እሑድ ሌሊትም ሥራ አለ ተብሏል።